አሥራ ሰባት ሳንቃ

ሰኔ ነው። የሜክሲካሊ ሜዳ። ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ሙቀቱ ቀድሞኝ ተነሥቷል፤ ጀምሯል ለመንደድ።
ቦዩ ይሄዳል፣ የኮሎራዶ ወንዝ ትርፍራፊ፣
በጥጥና በአልፋልፋ መሀል፣ ድምፅ አልባ አላፊ፤
ከቦዩ ወዲያ አሸዋ ነው፣ ከአሸዋው ወዲያ ጨው፣
ከጨው ወዲያ ያለውን እግዜር ነው የሚያውቀው።

መነጽሬ በአንገቴ፣ ደብተሬ በጉልበቴ፣
ጉጉት መቁጠር ነው ሥራዬ፤ በጉጉት ነው ማንጋቴ።

ቀበሮ አለፈች፣ ጆሮዋ ከፊቷ የሚበልጥ፣
ቆም ብላ አሸተተችኝ፤ አልተገኘብኝም የሚዋጥ።
ሯጩ ወፍ፣ እንሽላሊት እንደ ክራቫት አንጠልጥሎ፣
አስፋልቱን አቋረጠ፣ ቢሮ እንደረፈደበት ጸሐፊ ተቻኩሎ።
ሌላው እንሽላሊት፣ ቀንዳሙ፣ "ድንጋይ ነኝ" ብሎኝ ነበር፤
አምኜ ልቀመጥ ስል ድንጋዩ ተነሥቶ ሄደ በክብር።

እነሆም ከቦዩ ዳርቻ፣ ከአፈሩ ጉብታ ላይ፣
ስንዝር ከጋት ቁመቷ፣ ቢጫ ዓይኗ ዘበኛ መሳይ።
ዛፍ አታውቅ፣ ጣሪያ አታውቅ፤ ቤቷን ከመሬት ሥር ሠራች፤
እንደ ባለ ከብት እመቤት ደጇን በእበት ለቀለቀች፤
ጢንዚዛው ሽታ ተከትሎ ሲመጣ እስከ ደጃፏ፣
ማደን አላስፈለጋት፤ ቁርስ በእግሩ ገባ ከአፏ።

ኤሌውቴሪዮ ሶቤራኔስ፣ የግሬደር ሾፌር፣ ስድሳ ሁለት ዓመቱ፣
ሠላሳውን ቦይ ዳር ሲፍቅ የኖረ፣ አሸዋ የበላው ፊቱ፣
"ጉጉት?" አለኝ ውሃ እየጠጣ፣ "ስንቱን ቀበርኩ መሰለሽ!
አፈር አፈር ነው። አለቃ ጥረግ ካለ ይጠረጋል፤ ምን ትያለሽ?"

ከዚያ ነገረኝ፤ ሳያጋንን፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣
ታናሽ ወንድሙን እባብ እንደነደፈው፣ ጥጥ ለቀማ ወጥቶ፤
ያ ዓይነቱ እባብ፣ ከጭራው ጫፍ ጸናጽል ያለው፤
ድምፁ ሃያ ዓመት ሙሉ በእንቅልፉም የሚከተለው።

አምና በግንቦት ጠርዙን ሲፍቅ ሽቦ ምላጩን ያዘው፤
ወረደ፣ ተንበረከከ፣ በጉጠት ሊፈታው።
ጉድጓዱ አንድ ክንድ ላይ ነው። ከዚያ ከጨለማው ሆድ
ጽሽሽሽሽ —
ያው ጸናጽል።
አንድ ጫማውን ጥሎ ሮጠ እስከ አስፋልቱ መንገድ።

ከሩቅ ቆሞ ሲያይ ከጉድጓዱ አፍ ማን ብቅ አለ?
ባዘቶ የመሰለ ጫጩት፤ ከኋላው ሌላ፣ ሌላም ተከተለ።
አምስት።
ተገፋፍተው ወጥተው በቢጫ ዓይን አፈጠጡበት፤
አንዱም አፉን ከፈተ፦ ጽሽሽ!
ያ ሁሉ እባብ ይህች ጉሮሮ ናት የወጣበት።

"ቁጭ ብዬ" አለኝ "መሬት ላይ፣ አንድ እግሬ ባዶ፣ ሳቅኩ፤
ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አለቀስኩ።
እናቴ፣ ጉጉት ከጣሪያ ከጮኸ ሞት ጠራች ትል ነበር፤
ይህች ግን ጣሪያ የላት! ማንን ትጥራ? የምትኖር ከአፈር።"

ባራሃስ፣ አለቃው፣ በፒካፕ ደርሶ "ምን ቆመሃል?" አለው፤
"እባብ አለ፣ ሰማሁት" አለ፤ ግማሹ እውነት ነው።
ባራሃስ መስኮቱን ዘጋ። አለቃም ቢሆን እግር አለው።

ከዚያ ወዲህ በቦዩ ዳር፣ አንዱ ካንዱ እየራቀ፣
"እባብ አለ" የሚል ሳንቃ፣ በእጁ ጽሕፈት፣ ተተክሎ ጸደቀ።
ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሰባት። ከእያንዳንዱ ሥር ጉጉት አለ።
በሪፖርቴ ጉድጓዱን ጻፍኩ፤ ሳንቃውን ማን እንደተከለ
አልጻፍኩም።

ፀሐይ ወጣች። ኤሌውቴሪዮ ግሬደሩን አስነሣ፤ ምላጩን አላወረደም፤
በጉብታው በኩል ሲያልፍ አንገቱን ዝቅ አደረገላት፤ እሷም፣
ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ፣
እንደ ልማዷ። ሰላምታ ይሁን ጥርጣሬ አላውቅም።

ደብተሬን ከፈትኩ፦ "ቦይ ቁጥር አራት፣ ጉድጓድ አሥራ አንድ።
እናት አንዲት፣ ጫጩት አራት።"
ትንሽ አሰብኩና ጨመርኩበት፦
"እባብ፣ አንድ።"