መቆም

አርባ ዓመት ሙሉ ባቡር አቆምኩኝ፤
በመጨረሻው ቀን እኔ አልነበርኩኝ።
ፍሬኔ አልያዘው፣ ሸራው አልሳመው፣
ማኅተም ነው ለካ ገትቶ ያቆመው።

ከዚያ ወዲህ እጄ
ጠዋት ጠዋት ሲነቃ መፍቻ ይፈልጋል፤
ሲያጣ፣ የስኳሩን ጣሳ
ማንም እንዳይከፍተው አጥብቆ ይዘጋል።

ነጂብ መጣ አንድ ቀን፣ የመብራት ኃይሉ ልጅ፣ ያ የዘሃራ፣
«ሙሴ ላቀው» አለኝ፣ በሰባት ሰዓት ሐሩር፣ እዚያ ከዚራ፦
«ክንፉ አልቋል፣ ጅራቱም፤ የቀረኝ እግሩ፤
እግር ካለው ደግሞ ፍሬን ነው ነገሩ።»

በጅቡቲ መጥቶ፣ በሳጥን ታሽጎ፣
ስድስት ወር ጉምሩክ ያጉላላው አውሮፕላን
ከኒሙ ዛፍ ጥላ
ሆዱን ሁለት በርሜል ላይ ጥሎ ተኝቷል።
ዘሃራ ባንድ ክንፉ ሽርጥ አስጥታለች፤
«ይበራል እኮ» ቢሏት፣
«እስኪበር ድረስ ገመድ ነው» ትላለች።

ሰፈሩ ባጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ
«ይበራል ወይ?» ይላል።
እኔ ጎማውን በእግሬ መታ አድርጌ፦
ወርዶስ? ወርዶስ ይቆማል?

ሁለት እግር፣ እንደ ፌንጣ ጭን የታጠፈ፣
በአራት በአራት ብሎን ከሆዱ ልናስር
አንዲቷ አጠረች።
ታይዋን ገበያ ወረድን። «ለባጃጅ ነው?» አለ ሻጩ።
ነጂብ «ለአውሮፕላን» ሲለው
ሳቀ፣
ዋጋም ጨመረ።
እኔ እምቢ አልኩ። ባጃጅ ቢሰበር መንገድ ይቀበለዋል፤
ይኼን ማን ይቀበለዋል?
ትክክለኛዋ ብሎን እስክትመጣ ሦስት ሳምንት
በርሜሉ ላይ ቆየ፣ ሽርጡም አልወረደ።

ሲባጎ ወጠርን፣ በጠመኔ አሰመርን፣
ጎማና ጎማ እንዳይኳረፉ።
ባቡር ሐዲድ አለው፣ ቢሰክርም አይስትም፤
ይኼ ግን ሐዲዱ
የነጂው ሁለት እግር ነው፣ ግራና ቀኝ፣ ለየብቻ።

ከዚያ ዘይት ሞላን። ነጂብ ከላይ ፔዳል፣ እኔ ከታች ቁልፍ፦
«ጫን!»
«ያዝ!»
«ልቀቅ።»
ቀዩ ዘይት በቀጭን ቱቦ ሲመጣ
አረፋ፣ ደግሞ አረፋ።
ወደ አየር ሊሄድ ለተሠራ ዕቃ
በደም ሥሩ ያለች አንዲት ትንፋሽ አየር
ለመግደል በቃ።

እሑድ ስምንት ሆነን ከበርሜል አነሣነው።
«ልቀቁት» አልኩ። ማንም አልለቀቀ።
«ልቀቁት እንጂ!»
እግሮቹ ትንሽ ተንበረከኩ፣ ትንሽ ተነሡ፣
ቆመ።

በበሩ አወጣነው። ወደ ደቻቱ ቁልቁል
እኔ ውስጡ ተቀምጬ፣ ልጆች እየገፉ።
ረገጥኩ።
ግራው ያዘ፣ ቀኙ ለገመ፤
ሳምቡሳ ሻጯ ከነድስቷ ሸሸች፣
አፍንጫው አጥሩ ላይ ተደግፎ ቀረ።

ሮብሌን አስታወስኩት፤ ከኤረር ቁልቁል፣ ጨረቃ በሌለበት፣
የእጅ ፍሬኑን ሲያዞር፣ መዳፉ ተልጦ፣ «ያ አላህ» እያለ።
ከግመሏ አፍንጫ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን።
ግመሏ አልሸሸችም። ዝም ብላ አየችን፣
ሰው አንድ ነገር ለማቆም
ይህን ያህል መድከሙ እንደገረማት።

ማግስቱን የቀኙን አየር አወጣን።
ጫን፣ ያዝ፣ ልቀቅ፤ እስኪመሽ።
በሌላው ቀን ቁልቁሉ ላይ ረገጥኩ፤
አቧራው ቀድሞን አለፈ፣
እኛ ቀረን።

ማታ ዘሃራ ሽርጧን ከክንፉ ስትለቅም
«ቆመ?» አለችኝ።
«ቆመ» አልኳት።
እግሩን ይሁን፣ ፍሬኑን፣ ወይስ ያንን ባቡር
ሳልጠይቃት ወጣሁ።
ከበሩ ደግሞ ተመለስኩ፣
ድንጋይ ይዤ፣
ከጎማው ሥር ልወትፍ።