ቃለ ጉባኤ

አሞራ ገደል አጠገብ፣ ኪራይ ባልከፈልንበት ቢሮ፣
ሊቀመንበር ሹንቁራ ጀመረ በሮሮ፤
«ወጣቶቹ ናቸው ፖስተር የዘቀዘቁ!»
ወጣቶቹ ደግሞ ገንዘብ ያዡን ጠየቁ፤
ባራሳ ተነሣ፣ ላቡን ጠረገና
«የባጃጁ ድምፅ ማጉያ ተበላሸና…»

እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ሁሉን እጽፋለሁ፣
ስድብ ስድቡን ግን በነጥብ አልፋለሁ።
በመስኮቱ ማዶ አባ ኮዳ ቆሟል፣
የዓሣ አንጀት ሊለቅም እንደ ታዛቢ ከርሟል።

ሲመሽ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ዮካሞ፣
ዲላ ለቅሶ የሄደው።
አለፈ ያለ ተቃውሞ።

አንድ ቁጥር ብቻ መዝገብ ውስጥ አልገባ፦
ሁላችን የአንድ ጣቢያ፣ ሃያ ሁለት ነን በስብሰባ፤
ከኮሮጆው የወጣልን አሥራ ዘጠኝ።

ሦስቱን አላውቃቸውም።
ማለቴ፣
ሁለቱን።