ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ

ስምንት ሰዓት ሌሊት፣ አዳማ፤ ነፋሱ ቆርቆሮ ያንኳኳል፣
ታች ፓምፑ ቤት ያለው ኮምፒውተር ይነሳል፣ መልሶ ይወድቃል።
ሦስት ቀን ሆነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ
ቦኖው ሥር ያድራል፣ እጀታ በእጀታ ተቃቅፎ።

ስክሪን የለውም፤ ኖሮትም አያውቅ ከጥንት፣
አፉ አንዲት ሶኬት ናት፣ ዘጠኝ መርፌ ያላት፤
ከእሷ የወጣ ገመድ ዘጠና ሜትር በአፈር ውስጥ ተጉዞ
እኔ ያለሁበት ኮረብታ ይደርሳል፣ ቃሉን ይዞ።

የሳጥኑ ቁልፍ ሂርጳ ዘንድ ነው፤ ሂርጳ ጡረታ ወጥቷል፣
ስልኩ አይነሳም፤ አሰላ ገብቷል ይባላል።
ታች ያለው ጋሽ ቦንሳ ብቻ፣ ዘበኛው፣ ከነካፖርቱ፣
ማብሪያውን ይጫናል፤ ንግግራችን በእጅ ባትሪ መብራቱ፦
አንዴ ብልጭ፣ «አጠፋሁት»። ሁለቴ፣ «አበራሁት»።
ሌላ ቃል አላበጀንም። ሌላ ምን ያስፈልጋል አልኩት።

ሁለቴ ብልጭ አለ።
ላፕቶፔ ላይ የፈሰሰው
ግማሽ ሳጥን፣ ጥያቄ ምልክት፣ ጅራቱ የተቆረጠ ፊደል፣
አማርኛም አይደል፣ ኦሮምኛም አይደል፣
የፓምፑ ፋብሪካ ቻይንኛም አይደል።

ፍጥነቱ ነው፤ አውቃለሁ።
ተናጋሪና ሰሚ በአንድ ቁጥር ካልተማማሉ
ደህናውም ቃል ገለባ ነው።
የእኔ ቁጥር መቶ አሥራ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ነበር፣
ኮሌጅ የተማርኩት፣ የምኮራበት፣ የዘመኑ ቁጥር።
ዝቅ አልኩ፦ ሃምሳ ሰባት ሺህ። ገለባ።
ሠላሳ ስምንት። ገለባ። አሥራ ዘጠኝ። ያው ገለባ።
ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ፦

ቃል ወጣ!
«ሜሞሪ ተቆጥሯል። ዲስክ ተገኝቷል።» ፊደል በፊደል፣
አንደኛ ክፍል ልጅ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ይመስል።
«ልነሳ ነው፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት…»
ከርነሉ ቃሉን ሲረከብ ግን
እንደገና ገለባ፣ ዶፍ።

ማን ነው መሃል መንገድ ላይ ፍጥነት የቀየረው?
ማን ነው፣ ማን ነው ብዬ ስሳደብ
ለካ እኔው!
ባለፈው ወር፣ ቢሮ ተቀምጬ፣ በኔትወርክ ገብቼ፣
«ይሄማ የድሮ ነው» ብዬ የሂርጳን ቁጥር አጥፍቼ
የራሴን ጻፍኩበት። የጠየቀኝ አልነበረም።

በራሴ ቁጥር ተከተልኩት፤ ያው። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ ያው።
ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ፕላስተር አለ፤ ግማሹ ተፍቋል፤
«9600። ገመዱ ረ» ይላል፣ ያበቃል።
ድሮ አይቼዋለሁ። «ረገበ» ብዬ አንብቤው
ብሎኗን ጠበቅ አድርጌ፣ ስቄ አልፌው።
ረጅም ነው፣ ማለቱ ኖሯል።
ዘጠና ሜትር በአፈር ውስጥ የሚሮጥ ቃል እግሩ ይሰበራል፣
የሚራመድ ይደርሳል።

አንዴ ብልጭ። ሁለቴ ብልጭ።
አምስት፣ አራት… ቁልፍ ተጫንኩ፤ ቆመ።
መስመሩን ከፍቼ ቁጥሬን አሃዝ በአሃዝ ሰረዝኩት፣
የሂርጳን ጻፍኩ፤ ቀጥል አልኩት።

ከርነሉ ተናገረ። በሚያናድድ ዝግታ፣ መስመር በመስመር፣
ሹራቤን ደርቤ፣ አፍንጫዬን ጠርጌ፣ ገና ሲዘረዝር ነበር።
መጨረሻው ላይ፦
«ዲስኩ ተጎድቷል። ልጠግነው? አዎ ወይስ አይ?»
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም እያለች ጠበቀችኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሲጠይቅ ነበር።
ሲጠይቅ፣ መልስ ሲያጣ፣ ተስፋ ቆርጦ ሲወድቅ፣
ተነስቶ ደግሞ ሲጠይቅ።

«አዎ» አልኩት። አንዲት ቁልፍ ናት።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም መሬቱ ከጫማዬ ሥር አጉረመረመ፤ ፓምፑ።
አዲስ ፕላስተር ቆርጬ «ረጅም ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሂርጳ ጽሑፍ ጎን።
ስም የሚጠይቀው መግቢያ በየትኛው ፍጥነት እንደሚያወራ
ገና አላየሁም። ነገ።

ከታች ጋሽ ቦንሳ ሦስቴ ብልጭ አደረገ።
ሦስት ምን ማለት እንደሆነ አልተነጋገርንም።
ስልኬን አውጥቼ እኔም ሦስቴ አበራሁ፣
ቀስ ብዬ።