አንድ ጠብታ በአሥራ አንድ ሰከንድ

ሥዕል አይገባኝም። የሚገባኝ ኮምፕሬሰር፣
የጋዙ ግፊት፣ ቱቦው፣ የሽቦው እስር።
አንኮሬጅ፣ ሙዚየም፣ ምድር ቤት ነው ሥራዬ፤
የሌሊቱ ተራ፣ መፍቻና ባትሪዬ።

የካቲት መግቢያ ላይ ቬርና ኩናያክ
ከሰሜን ጠረፍ በጭነት አውሮፕላን
አንድ ሣጥን ይዛ መጣች።
ከፈትነው፤ መሬት ነው።
ጥቁር፣ ድንጋይ የመሰለ፣ ከነበረዶው የተጋዘ መሬት፣
የእናቷ ቤት የዓሣ ነባሪ ሥጋ ካኖረበት
ከጉድጓዱ ግድግዳ ተቆርጦ የመጣ።
“ጉድጓዱን ውሃ ሞላው፤ ሥጋው ሸተተ፤
መሰላሉ ተንሳፈፈ” አለች፤
የአየር ጠባይ እንደምታወራ ሁሉ።

“በመስታወት አኑርልኝ። እንዳታድነው።
በአሥራ አንድ ሰከንድ አንድ ጠብታ ይጣል።
አርባ ቀን ይበቃዋል።”
አርባ፤ የሰው ተዝካር ያህል።
ሃያ ዓመት ማቀዝቀዣ ስጠግን ኖሬ
እንዲፈስ አርግልኝ ያለኝ የለም እስከ ዛሬ።

ማሽን ደግሞ ብርድ አይፈጥርም፤
ሙቀቱን ከዚህ አንሥቶ እዚያ ይጥላል እንጂ።
በኋላ በር በኩል፣ ከአየር ማውጫው ሥር፣
የመንገዱ በረዶ ክብ ሆኖ ሟሙቷል፤
ቁራዎች መጥተው እግራቸውን ያሞቃሉ።
ለአንድ ክንድ በረዶ ስንል
የከተማውን ጀርባ እናሞቃለን።
ቬርናን ወስጄ አሳየኋት። ሳቀች።
“ይኼንንም በመግለጫው ላይ ጻፉት” አለች።
አልጻፉትም።

የመክፈቻው ምሽት የነዳጅ ኩባንያው ሰው
ብርጭቆውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ቆጠረ፤
“ድንቅ ነው” አለ በሰባተኛው ጠብታ፤ በስምንተኛው ዞረ።
ሙዚቃው ደመቀ፣ ሳቁ ደራ፤
ድግሱ ቀለጠ።
እኛ እንዲህ ነው የምንለው፤
ደስታው ሲጦፍ፣ ቀለጠ።
ሰው ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀርም ያው፣ ቀልጦ ቀረ።
ይህን ለቬርና በምን አፍ ልንገራት?
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የሰማሁት
የዚያን ማታ ገባኝ፤
ሳቁ የኛ ነበር፤ ውሃው አልሳቀም።
ጠብ።
ጠብ።

በሃያ ሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ።
እጄ አላስቻለውም፤ ጄኔሬተር አስነሣሁ፤
እንደ ታመመ ልጅ አጠገቡ ተቀምጬ አነጋሁ።
ጠዋት ሰምታ ተቆጣች፦
“ለእናቴ ጉድጓድ ማን ጄኔሬተር አስነሣላት?”
ዝም አልኩ።
ኋላ ሻይ ገዛችልኝ፤ ስኳሩን እንኳ ራሷ አማሰለችው።

ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው
ከጭቃው መካከል አንድ ነገር ብልጭ አለ።
ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ሲወጣ ብዙ ቅኔ ሰምቻለሁ፤
ይኼኛው ማንኪያ ነው።
የአሉሚኒየም ማንኪያ፣
እጀታው ላይ በሚስማር የተጫረ ምልክት ያለው።
ቬርና አየችውና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።
“አጎቴ ኤልመር፣ ሠላሳ ዓመት
በዚህ ማንኪያ ተሰድቧል።
‘ሸጠህ ጠጣህበት’ ትለው ነበር እናቴ።”

ደወለች።
ከወዲያ ነፋስ፣ የውሻ ጩኸት፣ የሽማግሌ ድምፅ፤
ቋንቋቸው የኔ አይደለም።
ስልኩን አስጠግታ ማንኪያውን በመስታወቱ መታችው።
ቅጭል።
ደገመችው። ቅጭል።
ሰውዬው ዝም አለ።
ቀጥሎ ሳቅ መጣ፤ ረጅም፣ በሳል የተቆራረጠ።
“ምን አለ?” አልኳት።
“‘ከሳሼ ሞታለች፤ አሁን ማን ይካሰኝ?’ አለ።”

በማግስቱ “መሬት፣ በረዶ” ከሚለው ካርድ ላይ
“ማንኪያ” የሚል ቃል ጨመሩ።
ማንኪያው ግን በቬርና ኪስ ሰሜን ገብቷል።
በአርባኛው ቀን ጭቃውን በባልዲ ተረከብኩ፤
ማሽኑን አጠፋሁ።
ጠዋት ቁራዎቹ መጥተው ክቡን ፈለጉ፤
በረዶ መልሶ ይዞታል።
አንዱ በመንቆሩ ቆረቆረው፣
ወደ መስኮቴ አየ፣
እንደ ባለዕዳ አየኝ።