አሥር ጊዜ ለካ

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ»፤
ይለኝ ነበር አባ መጫ፣ ለመዶሻ እጀታ እንጨት ሲመርጥ።
እኔም ታዛዥ ተማሪው፣ ቃሉን ይዤ ቀረሁ፤
አሥሩን ለካሁና
አንዱን ግን ፈራሁ።

ሰባት ክረምት አለፈው ያ የዋንዛ ግንድ፣
በጋሪ ተጭኖ ከመጣ በሰቃ መንገድ።
ሽማግሌው ሊሞት ሰሞን፣ ከሂርማታ አስጠርቶ፣
«እንካ» አለኝ፣ ግንዱን በከዘራው ጫፍ መትቶ፣
«ይሄ አይሸጥም። አንተ የምትፈልገውን አውጣበት።»
እኔ የምፈልገውን?
ሃያ ዓመት ስጠርብ ማንም አልጠየቀኝ፤
ሰው የሚፈልገው ነው እንጀራ የሆነኝ።

በርጩማ ስቦረብር እጄ አይንቀጠቀጥም፤
ሦስት እግር፣ አንድ ጎድጓዳ፣
መብራት ቢጠፋ እንኳ በዳበሳ እጨርሳለሁ።
የሙሽራ ሣጥን፣ የሆቴል ባንኮኒ፣
ለኢዘዲን ጋራዥ የመፍቻ መደርደሪያ፣
ሠርቼ አስረክባለሁ፤ ብሩን ቆጥሬ እተኛለሁ።
ወደ ግንዱ ስዞር ግን
መሮው እንደ ወፍጮ መጅ ይከብደኛል፣
የመዳፌ ላብ ከእጄ ያሟልጨዋል።

የምፈልገውን ስለማውቀው ነው።
አዌቱ የሞላ ቀን፣
እናቴ በጀርባዋ አዝላኝ፣ የቀሚሷን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ
ውሃው ውስጥ ገባች።
ፊቷን አላየሁም። ያየሁት ማጅራቷን ነው፤
ከሻሿ ያመለጠች አንዲት ሹሩባ፣
ከሹሩባዋ የሚንጠባጠብ ውሃ።
ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
እግሯ ግን አልቆመም።

ይሄን ነው ማውጣት የፈለግሁት፦ አንድ ማጅራት።
ታዲያ ማን ይገዛዋል? ማን ሳሎኑ ያስቀምጠዋል?
«ፊት የሌላት ሴት ሠራ» ብለው በየካፌው በረንዳ ቢስቁብኝስ?
ዋንዛው ቢሰነጠቅስ?
የእሷን አንገት ብዬ የሌላ ሴት ብጠርብስ?

ፍርሃቴ ጨዋ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል።
ስሙን ቢጠይቁት፣ «ጥንቃቄ እባላለሁ» ይላል።
እርሳስ ያቀብለኛል፣ ሜትር ይዘረጋልኛል፤
«የግራው ጎን እስቲ እንደገና» ይለኛል።
ሰባት ዓመት ለካሁ። ግንዱ በቁጥር ተሸፍኖ
የተማሪ ደብተር መሰለ፣ የቤት ሥራው ያላለቀ ሆኖ።

በሐምሌ አንድ ሌሊት፣ መብራት የለ፣
የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወግረው አምሽቶ
ትንፋሽ ሊሰበስብ ገታ ሲል፣
ድምፅ ሰማሁ፦
ቅርጥ… ቅርጥ…
የስልኬን ባትሪ አበራሁ። ከግንዱ ሥር ዱቄት፤
እንደ ነጭ ጤፍ የተነፋ፣ ለስላሳ ዱቄት።
ነቀዝ ነው። ጀምሯል።
ሜትር የለው፣ እርሳስ የለው፣
አባ መጫን አያውቅ፣ ይሉኝታ አልያዘው።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ለካ…
ለካ፣ ጠብቆ ሲነበብ ትእዛዝ ነው፤
ላልቶ ሲነበብ፣ ሰው ሰባት ዓመት ዘግይቶ የሚባንንበት ቃል።
ለካ ያልቆረጥሁትም እየተቆረጠ ነበር።

መሮውን አነሳሁ። እጄ እንደተንቀጠቀጠ ነው።
መታሁ።
ሳትሁ።
ከቀኝ ትከሻዋ ጣት የሚያህል ተገምሶ ወረደ።
ሰማይ አልወደቀም፤
የወደቀው ፍቅፋቂ ነው።
ደገምሁ።

ጠዋት ፈቲያ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ
በሩ ላይ ቆም አለች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየችና፣
«አባ፣ አንደኛው ትከሻዋ ለምን ዝቅ አለ?» አለችኝ።
ስሕተት ነው ልላት አፌን ከፈትሁ።
ከዚያ ትዝ አለኝ፦ የተንጠለጠልሁት በቀኟ በኩል ነበር።
ወይስ አሁን ፈጠርሁት? እንጃ።
«ሸክም ነበረባት» አልኋት።

ፍርሃቴ አልሄደም። እንግዳ አይባረርም፤
አንዷን በርጩማ ሰጥቼው ከጥግ ተቀምጧል።
አልፎ አልፎ፣ «ሜትሩ የት ገባ?» ይለኛል።
የነቀዙን ቀዳዳ በሰም ልድፈነው ወይስ ልተወው፣
ገና አልወሰንሁም።