አርባ አንድ እርምጃ

ናሪን ከተማ ላይ፣ ወንዙ በረዶ ሆኖ፣
ድልድዩ ሥር ተኝቷል የራሱን ድምፅ አፍኖ።
እኔ ቆጣሪ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም፤
መርፌ አልወጋሁም፣ ቁስል አላሰርሁም።
እርሳስ አለኝ አንድ፣ መዝገብ አለኝ አንድ፣
ሥራዬ መጻፍ ነው የጨቅሎችን ብርድ።

ማዋለጃው ወዲህ፣ የጨቅሎች ክፍል ወዲያ፣
በመሃል የተዘረጋ ረጅም መተላለፊያ።
ሲወለዱ ትኩስ፣ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ትኩስ፣
ብርድ ብርድ ይላል ገላቸው ማዶ ሲደርስ።
ሠላሳ አራት ነጥብ ስምንት፤ ሠላሳ አራት ነጥብ ሁለት፤
እጄ ይጽፋል እንጂ አያውቅም የማንን ሕይወት።

ዋና ሐኪሙ መጡ። ጠረጴዛ መቱ።
«የአዋላጆቹ ስንፍና ነው፤ ይጠየቁ በብርቱ!»
ቡሩልካን ዝም አለች።
ሃያ ስድስት ክረምት እዚያ ቤት የቆመች፣
የከተማውን ግማሽ በእጇ የተቀበለች፣
እጇን፣ ያንኑ እጇን፣ ኪሷ ውስጥ ደበቀች።
እኔም ዝም አልሁ። ግን ከነከነኝ ነገሩ፤
ላም ባልዋለበት ሜዳ ኩበት ሲለቀም ማደሩ።

መዝገቤን ገለጥሁና ዓምድ ጨመርሁበት፤
ልጁን ማን እንዳቀፈው፣ ከሌሊቱ ስንት ሰዓት፣
በየት በኩል ሄደ፣ የት ቆመ፣ ምን ያህል ዘገየበት።
ራሴም ተራመድሁት፣ ክንዴን ልጅ እንዳቀፈ ሰው አጥፌ።
አርባ አንድ እርምጃ።
ሦስቴ ቆጠርሁት፣ እስትንፋሴ ሲጨስ ከአፌ።

ቀን የተወለዱት ሙቅ ናቸው፤ ደኅና ናቸው።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሲያልፍ ግን ቁልቁል ነው ቁጥራቸው።
ነጥብን ከነጥብ በመስመር ሳገናኝ ቆየሁ፤
ተራራ መውረጃ ገደል ወረቀቴ ላይ አየሁ።

በዘጠኝ ሰዓት ሄጄ ግድግዳው ሥር ጠበቅሁ፤
የጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ከሩቅ አወቅሁ።
ቶክቶሱን ነበረ፣ ከሰል ጭኖ የመጣ፤
በሩን በጡብ ደገፈና ሲገባ ሲወጣ፣
ሲገባ ሲወጣ ዐሥራ አንድ ጋሪ፣
ነፋሱም ከኋላው፣ እንደ ቤተኛ አዳሪ።
«ለምን አትዘጋውም?» አልሁት። ግንባሩን ጠረገ፤
«ሕፃናቱ እንዲሞቁ ነው፤ ማሞቂያው ከሰል ፈለገ።»

ማንን ልክሰስ አሁን? በማን ልፍረድ፣ ማንን ላሳስር?
ሙቀት ሊያስገባ በከፈተው፣ ብርድ እየገባ በዚያው በር።

ዋና ሐኪሙ መስመሩን አይተው መነጽር አወለቁ፤
«እሺ» አሉ። ይቅርታ ግን አልጠየቁ።

ከሰሉ ወደ አመሻሽ ዞረ። በሩ ላይ ተሰቀለ
ወፍራም የበግ ፀጉር መጋረጃ፣ ነፋሱን ያሰነከለ።
ቡሩልካን አለች፦ «ልጁ ለብቻው አይሂድ፤
እናቱ ደረት ላይ ይለጠፍ፣ ከነአልጋዋ ትወሰድ።»
መጀመሪያ የተገፋችው ሴት፣ ሻይርኩል የምትባል፣
«ጣሪያው ስንጥቅ አለው» አለች፣ «አላያችሁም? ወንዝ ይመስላል።»
ልጇ ጡቷ መሃል ተኝቷል፣ ቆቡ ቅንድቡ ድረስ ወርዶ፤
አርባ አንዱን እርምጃ አለፈ፤ ሳያውቅ ተሻገረ ማዶ።

ይኸው ነው። ተአምር የለም። መቀርቀሪያው ተጠገነ።
በመጋቢት፣ ሠላሳ ስድስት ተኩል፤ ቁጥሩ ሰው ሆነ።
(ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ ሌሊት መጋረጃው ይረሳል፤
አዲስ ሰው ይመጣል፤ ጡቡ ወደ በሩ ይመለሳል።)

ጥናቱን ጻፍሁት። ቢሽኬክ ላክሁት። መልሱ መጣ፦
«መልካም ነው፤ ግን ናሙናው ትንሽ ነው።»

አዎ። ትንሽ ነበረች።
አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ፤ ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት፤
የአይዝሪክ ልጅ፤ በጥር፤ ስም ያልወጣላት።
ሠላሳ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው
ሣጥን ሁሉ ባዶ ነው።
እኔ ነኝ የጻፍሁት፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፤
ገና ቆጣሪ ብቻ ሳለሁ፣ በሩን አይቼ ሳልፍ።
አማካዩ ውስጥ አለች፤ ደምሬ አካፍያታለሁ፤
ከነጥቡ በኋላ ባለው አሃዝ ብርዷን አየዋለሁ።

ማታ ማታ፣ ሥራ ሳበቃ፣ ኮቴን ለብሼ እወጣለሁ።
አርባ አንድ እርምጃ። የበሩን መቀርቀሪያ
እዳስሰዋለሁ።