የዳማ አበባ

ውሃው ትናንት ሸሸ፣ ሜዳው ገና ጭቃ፣
ሳቫ ወደ ቦዩ ተመለሰ በቃ።
ብላዥ በከዘራው ረግረጉን ሲለካ፣
እግሩ ላይ ያሰርሁት ፋሻ ጭቃ ነካ።
ተው ብለው አይሰማም፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ፣
ሚያዝያ ሲመጣ ይጠፋል ከቤቱ።

«እዚህ አትርገጪ!» አለኝ ጎንበስ ብሎ፣
ከሣሩ መካከል ደወል ተንጠልጥሎ፣
ወይን ጠጅና ነጭ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣
ማን ቁጭ ብሎ ቀባው? በየትኛው ሚዛን?
«ዳማ!» አልኩኝ እኔ፣ ሳላስበው፣ በአማርኛ።
«ዳማ!» አለ ብላዥ። ቃሉ አንድ ሆነ ለእኛ።
በቆርኪ ነው እኛ፣ በቦሎቄ እነሱ፣
አንዱ አንዱን በልቶ እስኪደርስ ንግሡ።

ከዚያ ዝም አለ። ከዘራውን ተከለ።
«በረዶ በጣለ ቁጥር» አለ፣
«ምድጃው ዳር፣ እኔና ዩራይ፣
ሰሌዳውን ዘርግተን ጉልበታችን ላይ...»

ዩራይ በቆሎ አማረው። ሜዳውን ሊያደርቅ ቦይ ቀደደ።
ብላዥ አካፋውን ነጥቆ ወንዝ ሰደደ።
ዩራይ ሰሌዳውን ከነቦሎቄው ገለበጠ።
በቃ። አሥራ አንድ ዓመት
አጥር ለአጥር፣ ጉሮሮ እየጠረጉ ማለፍ ብቻ።

ባለፈው ጥቅምት ዩራይ ሞተ።
ብላዥ ቀብር አልወጣም፤ «እግሬን» አለ።
ፋሻ የምቀይረው እኔ ነኝ፤
ያን ሰሞን እግሩ ደህና ነበር።

አሁን ያ ቦይ ደለል ሞልቶት፣
ጎርፍ ዘር አምጥቶ አራግፎበት፣
ከጫፍ እስከ ጫፍ አንገት የደፉ ደወሎች።
«ከዘር እስከ አበባ ሰባት ዓመት ትፈጃለች» አለኝ፤
«መጀመሪያ አንዲት ቅጠል፣ እንደ ሣር፣ ማንም የማያያት።
ታች ግን ሥሯ ሽንኩርት ይቋጥራል፣
ቦሎቄ የሚያህል።
ከብት ይረግጣታል፣ ውሃ ይተኛባታል፣
እሷ እዚያው ናት።»
በጣቱ ቆጠረ። ቆጥሮ ተወው።
«እኛ ስንኮራረፍ ነው የበቀለችው» አላለም።

ከደረት ኪሱ አንድ ነጭ ቦሎቄ አወጣ፣
የቆየ፣ ቆዳው የተሸበሸበ፤
ጭቃው ላይ አኑሮ በአውራ ጣቱ አንድ ቤት አስኬደው።
«ተራው የማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።
በምን አውቄ።
ካልሲው ርሷል፤
እቤት ስንገባ ፋሻው እንደገና መለወጥ አለበት።